ሠላሳ ስምንተኛው ራጅ

ዶክተር አክሊሉ የተገኘው ግንባሩን ጠረጴዛው ላይ ደፍቶ፣ ቀኝ እጁን ማውሱ ላይ እንዳሳረፈ ነበር። ለስብሰባ ልትጠራው የመጣችው ነርስ ትዕበ ያንቀላፋ መስሏት ሁለት ጊዜ ጠራችው። በሦስተኛው ትከሻውን ነካ ስታደርገው ከማጅራቱ በላይ ያለው ፀጉር በደም ተጣብቆ አየች። አልጮኸችም። አንድ እግሯን ከሌላው ኋላ እያስቀመጠች ከኮንቴይነሩ ወጣችና በሩን ዘግታ በጀርባዋ ተደገፈችው። ከቀኑ አምስት ሰዓት ከአርባ ነበር፤ የቆርቆሮው በር ጀርባዋን እያቃጠላት እንኳ አልሸሸችም።

ቦታው ሱዳን ውስጥ፣ ከመንደር 8 ወጣ ብሎ አንድ የተራድኦ ድርጅት ያቆመው የራጅ ጣቢያ ነው። ከሰሊጥ አጨዳ የሚመለሱ የጎንደርና የመተማ ሰዎች፣ ከመጠለያው የሚመጡ ስደተኞችም ለሳንባ ነቀርሳ ምርመራ እዚያ ይሰለፋሉ። አንዱ ድንኳን ራጅ የሚነሳበት ነው። ከጎኑ ያለው ኮንቴይነር ዶክተር አክሊሉ የተነሣውን ራጅ የሚያነብበት ክፍል ሲሆን፣ ስልሳ እርምጃ ያህል ራቅ ብሎ ደግሞ የስብሰባ ድንኳን አለ። ካለፈው ክረምት ወዲህ አንድ ሠራተኛ ተጨምሯል፤ ደመወዝ የማይጠይቅ፣ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሉት። ራጁን በራሱ አይቶ የነቀርሳ ምልክት ካገኘ «ዕባጭ አለው»፣ ካጣ «ንጹሕ ነው» ይላል። ጣቢያው ውስጥ ማሽኑ እያሉ ይጠሩታል፤ ስሙን ሲያነሡም ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ።

የፖሊስ መኮንኑ ሙላዚም ዩኑስ ከሁለት ወታደሮች ጋር ሰባት ሰዓት ላይ ደረሰ፤ በሰባት ተኩልም ገዳዩን ያገኘ መሰለው። ራጅ አንሺው ስንሻው ነበር። ዶክተሩ የተመታበት ከባድ የራጅ ባትሪ በስንሻው የእጅ አሻራ ተሞልቷል። ትናንት በሰው ፊት «ዶክተር፣ በዚህ ማሽን ሁላችንን ትሸጡናላችሁ» ብሎ ተናግሮታል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ሰዓቱ አለ። የጣቢያው መዝገብ ዶክተር አክሊሉ ሠላሳ ስምንተኛውን ራጅ አንብቦ የፈረመው አምስት ሰዓት ከሃያ ላይ ነው ይላል። ሌሎቹ ሁሉ ከአምስት ሰዓት ጀምሮ ስብሰባ ላይ ነበሩ፤ ከኮንቴይነሩ አጠገብ የቀረው ስንሻው ብቻ ነው። የፖሊስ መኪናው አሥር ሰዓት ላይ እሱን ጭኖ ወደ ገዳሪፍ ሊነሣ ነው። በዚህ በጦርነት ዘመን የመኖሪያ ወረቀት የሌለው ሐበሻ በነፍስ ግድያ ከተያዘ መዝገቡ መቼ እንደሚታይ የሚያውቅ የለም፤ ጣቢያው ያለ ሰው ሁሉ ይህን ስላወቀ ማንም ደፍሮ አልተናገረም።

ደፍራ የሮጠችው የስንሻው ሚስት ማኅደር ናት፤ የስምንት ወር እርጉዝ ሆና ሙሉወርቅን ልትጠራ።

ሙሉወርቅ ጎንደር ላይ ሃያ ሁለት ዓመት ወንጀል መርምራለች። አሁን መንደር 8 ውስጥ ባልና ሚስት፣ ጎረቤትና ጎረቤት ታስታርቃለች። የአንዱ ጆሮ ማንጠልጠያው የተሰበረ መነጽሯን በክር አስራ ነው የምታደርገው። እሷም ወረቀት የላትም። ዩኑስ ፊት ስትቆም ነጠላዋን ደጋግማ ስታስተካክል ራሷን ታዘበችው፤ ሃያ ሁለት ዓመት ሌላውን ስታስፈራ ኖራ ዛሬ ተራው ደረሳት። ዩኑስ ግን ክፉ ሰው አልነበረም። የሚጠየቁት ሰዎች አማርኛ ተናጋሪ፣ የሚተረጉምለት ወታደር አማርኛ ደግሞ ጥቂት ስለሆነ ቢቸግረው፣ «ያ ኻላ፣ አክስቴ፣ እስከ አሥር ሰዓት ጠይቂ። ከዚያ ኸላስ፣ አበቃ» አላት።

መጀመሪያ ወደ ኮንቴይነሩ ገባች። አስከሬኑን አንሥተውታል። ጠረጴዛው ላይ ኮምፒውተሩ፣ አንድ እርሳስና ክዳኑ የተቆረጠ የወተት ቆርቆሮ አለ። ቆርቆሮው ውስጥ የታጠፉ ትናንሽ ወረቀቶች ሞልተዋል።

«እነዚህ ምንድን ናቸው?» ብላ ትዕበን ጠየቀቻት።

«የዶክተር ናቸው» አለች ትዕበ። «ማሽኑ ያለውን ሳያዩ መጀመሪያ ራጁን ራሳቸው ያያሉ። ያዩትን ይጽፉና አጥፈው እዚህ ይጥላሉ። ከዚያ በኋላ ነው የማሽኑን የሚከፍቱት። ማሽኑ ቀድሞ ካናገረኝ ዓይኔ እሱን ይከተላል ይሉ ነበር።»

«ሳይጽፉ የከፈቱበት ቀን አለ?»

«ሲያማቸው እንኳ አላየሁም።»

ትዕበ ማሽኑን አትጠላውም። እሷ በነበረችበት መጠለያ ራጅ የሚያነብ ሰው ሦስት ወር ጠፍቶ፣ የተነሡት ራጆች በካርቶን ሲከመሩ አይታለች። ከምንም ማሽን ይሻላል ባይ ናት። ዶክተሩም ማሽኑን አይጠላም ነበር አለች፤ ረዳት ይሁን እንጂ ዳኛ አይሁን ይል ነበር።

ሙሉወርቅ ወረቀቶቹን ዘረጋቻቸው። የዛሬዎቹ ከቁጥር ሠላሳ አንድ ይጀምሩና ሠላሳ ሰባት ላይ ያበቃሉ። ሠላሳ ስምንት የለም። ሠላሳ ሦስት ላይ ዓይኗ ቆየ፤ «ክታብ ነው፤ ሳንባው ደህና። ስንሻው ዛሬም ወደ ጀርባ አስጥሎታል» ይላል። ከሁሉም ሥር አራት ጊዜ የታጠፈ አንድ ወረቀት አገኘች። ጽሑፉ በእርሳስ ተጭኖ የተጻፈ ነበር።

«ኮከብ። ይህን ራጅ አላየሁትም። ፊርማዬ ግን አለበት። ያን ቀን ሾዋክ ከተማ ነበርኩ። ዛሬ በስብሰባው እጠይቃለሁ።»

ኮከብ ማን እንደሆነች ስትጠይቅ ትዕበ አንገቷን ደፋች። የሰሊጥ አጫጅ ነበረች። ማሽኑ ንጹሕ ነሽ ብሏት፣ ዶክተሩም ተስማምቷል ተብሎ ተሸኘች። ባለፈው ሐሙስ ደም እየተፋች ሞተች።

ሙሉወርቅ ወረቀቱን ብብቷ ውስጥ ከተተችና አንድ ነገር ጠየቀች። «አንቺ በሩን ስትከፍቺ ኮምፒውተሩ ላይ ምን ይታይ ነበር?»

«ምንም። ጠቁሮ የይለፍ ቃል የሚጠይቀው ሣጥን ብቻ ነበር።»

ሙሉወርቅ በጣቶቿ ሰዓት ቆጠረች።

ስንሻውን ያሰሩት ከድንኳኑ ምሰሶ ጋር ነበር። ማኅደር ፊት ለፊቱ መሬት ላይ ተቀምጣለች። ስንሻው ባትሪውን በየቀኑ የሚቀይረው እሱ ስለሆነ አሻራው ቢገኝበት አይገርምም ብሎ ማለ። ማሽኑን ግን እንደሚፈራው አልደበቀም፤ ዛሬ የዶክተሩን ዓይን ከወሰደ ነገ የእኔን እጅ ይወስዳል ብሎ ያምናል። ሙሉወርቅ ስለ ማሽኑ አልጠየቀችውም።

«ዶክተሩ ሻይ ሊጠጡ ወጥተው ሲመለሱ ኮምፒውተሩ ምን ያደርጋቸው ነበር?»

ስንሻው ግራ ገባው። «ግማሽ ሰዓት ካልተነካ ራሱን ይቆልፋል እትየ። ሁልጊዜ ይራገሙት ነበር።»

«ሠላሳ ስምንተኛውን ያነሣኸው ስንት ሰዓት ላይ ነው?»

«አራት ሰዓት ከሠላሳ አምስት ግድም። ቻላቸው የሚባል የመተማ ሰው ነው። ከዚያ በኋላ አላነሣሁም፤ ጄነሬተሩ አስቸገረኝ። ከአምስት ሩብ ጉዳይ ጀምሮ ከድንኳኑ በስተጀርባ እሱን ስጎረጉር ነበር፤ ጩኸቱ ሌላ ድምፅ አያሰማም።»

«ቻላቸው ክታብ አለው?»

«አለው፤ ትልቅ ነው። አያወልቁትማ፤ ወደ ጀርባ ጣለው አልኩት።»

ሙሉወርቅ ዘማርያምን ያገኘችው ታብሌቱን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ነው። የጣቢያው አስተባባሪ ነው፤ ሥርዓቱ የተጠበቀ፣ ሸሚዙ የተተኮሰ፣ የማተቡ ክር ከኮሌታው ጫፍ ብቅ ያለ። ማሽኑን ያስመጣው እሱ ነው። አይደክምም፣ አይራብም፣ አያኮርፍም እያለ ስለ ማሽኑ ሲያወራ ስለ ወንድ ልጁ የሚያወራ ይመስል ነበር። ከስብሰባው በፊት፣ ለአምስት ሩብ ጉዳይ ላይ፣ ዶክተሩን ከበሩ ውጭ ሆኖ እንደጠራውና «ቀጥሉ፣ እመጣለሁ» እንዳለው ነገራት።

«ልጄ፣ ኮምፒውተሩ ተቆልፎብኛል። ሊከፍትልኝ የሚችል ሰው አለ?»

«እኔ እከፍትልዎታለሁ። የሁሉንም ያዋቀርኩት እኔ ነኝ» አለና መጥቶ የዶክተሩን የይለፍ ቃል አንድም ጣት ሳይስት ጻፈላት።

አመሰገነችው። እሱ ከወጣ በኋላ ትዕበን ከኮምፒውተሩ ፊት አስቀመጠቻትና ምንም ሳትነካ ሰዓት እንድትይዝ ነገረቻት። ስምንት ሰዓት ከአርባ ነበር።

ዶክተር ሁዜይፋ ከገዳሪፍ ለስብሰባው የመጣ ሱዳናዊ የራጅ ሐኪም ነው፤ ስልሳ ዓመት ሊሞላው ነው። ከአራት ሰዓት ተኩል እስከ አምስት ሰዓት ብቻውን ጣቢያውን ሲዞር እንደነበር ራሱ አመነ። በዐረብኛ ነበር የተነጋገሩት። ማሽኑን አጥብቆ ይጠላዋል፤ አክሊሉንም ማሽኑን በማስጠጋቱ ሞኝ ብሎት ነበር። ለምን እንደሚጠላው ደጋግማ ስትጠይቀው መነጽሩን አውልቆ ጠረገ።

«ባለፈው ዓመት እኔ ደህና ነው ያልኩትን ሰው ማሽኑ ታሟል አለ። ማሽኑ ነበር ልክ። ከዚያ ወዲህ ራጅ ፊት ስቀመጥ እጄ ይፈራል» አለ። ሙሉወርቅ ለዚህ ሰው አዘነችለት፤ ግን ማዘን ከጥርጣሬ አያወጣም።

ስትነሣ ግን አንድ ነገር ጠየቀችው። «እናንተ ሀገር ሰው አንገቱ ላይ የሚያስረው በቆዳ የተሰፋ ጽሑፍ፣ ሒጃብ የምትሉት፣ ራጅ ላይ ምን ይመስላል?»

«ጀማሪ ካልሆነ ማንም አይሳሳትበትም። ክብ ወይም አራት ማዕዘን ጥላ ይሆናል፤ ጠርዙ እንደተቆረጠ ነው።»

የቀረው ቻላቸው ነበር። ከሰው ርቆ፣ ኒም ዛፍ ሥር፣ አፉን ሸፍነውት ተቀምጧል። ሳንባው ላይ ዕባጭ ተገኝቶበታል ተብሏል፤ ከሥራ ጓደኞቹ ለይተውታል። ሙሉወርቅ ስትጠጋው ወደ ኋላ ሸሸ።

«አይጠጉኝ እናቴ። የሐኪሙን ሞት እንኳ እኔ ያመጣሁባቸው እየመሰለኝ ነው። የእኔን አይተው ነው የሞቱት አሉ።»

«ዙር እስቲ።»

ዞረ። ከሸሚዙ በላይ፣ በሁለት ትከሻዎቹ መካከል ወደ ግራ ዘንበል ብሎ፣ የግማሽ መዳፍ የሚያህል በቆዳ የተለበጠ ክታብ ተንጠልጥሏል። ስንሻው እንዳለው ከጠዋት ጀምሮ እዚያው ነው፤ ፍርሃቱ ወደ ፊት መመለሱን አስረስቶታል።

ዘጠኝ ሰዓት ከአሥር ላይ ትዕበ እየሮጠች መጣችና ኮምፒውተሩ ራሱን እንደቆለፈ ነገረቻት። ልክ ግማሽ ሰዓት። ሙሉወርቅ ወደ ዩኑስ ሄዳ ሁሉንም ሰው ራጅ ማንሻው ድንኳን እንዲሰበስብላት ለመነችው። የስንሻውንም እጅ ለትንሽ ጊዜ እንዲፈታ። ዩኑስ ሰዓቱን አየ፤ ማኅደርን አየ፤ ካቴናውን ፈታ።

ድንኳኑ ውስጥ ሙቀቱ ያፍናል። ዘማርያም ታብሌቱን እንደያዘ፣ ሁዜይፋ እጁን አጣምሮ፣ ትዕበ ምሰሶ ተደግፋ፣ ወታደሮቹ በበሩ። ማንም ማንንም አያይም፤ ከመካከላቸው አንዱ ገዳይ ነው፣ ምናልባትም ትከሻ ለትከሻ ገጥሟቸው የቆመው። ሙሉወርቅ ቻላቸውን ከሰሌዳው ፊት አቆመችው።

«ስንሻው፣ እንደገና አንሣው። አንተ ደግሞ ክታቡን ወደ ጀርባ ሳይሆን በጥርስህ ያዘው።»

ቻላቸው ክታቡን ነክሶ ዓይኑን ጨፈነ። የራጅ ማንሻው ጮኸ። ከትንሽ ቆይታ በኋላ ስክሪኑ ላይ የጠዋቱና የአሁኑ ራጅ ጎን ለጎን ወጡ። በጠዋቱ ላይ ማሽኑ ከግራው ሳንባ በላይኛው ክፍል ቀይ ክብ ሠርቶ «ዕባጭ» ብሏል። ከሥሩ «ተስማምቻለሁ፤ ዶ/ር አክሊሉ፤ 5:20» ይላል። በአሁኑ ላይ ክብ የለም። «ንጹሕ» ይላል። ሁዜይፋ ጠጋ ብሎ ሁለቱንም በራሱ ዓይን አየና ራሱን ነቀነቀ።

«ማሽኑ ክታቡን ነው ዕባጭ ያለው» አለች ሙሉወርቅ። «ራጅ ደረትና ጀርባ አይለይም። ማሽኑን የሠሩት ሰዎች ክታብ አንገቱ ላይ ያሰረ ገበሬ አላሳዩትም ይሆናል፤ አልፈርድበትም። ዶክተር አክሊሉ ግን የጎንደር ልጅ ነው። ዛሬ ጠዋት ሠላሳ ሦስተኛው ላይ ማሽኑ ያንኑ ሲል፣ እሱ ቀድሞ ‹ክታብ ነው› ብሎ ጽፏል። ከአምስት ራጅ በኋላ እንዴት ተስማማ? ደግሞስ ሳይጽፍ የማይከፍት ሰው የሠላሳ ስምንተኛው ወረቀቱ የት አለ?»

ዩኑስ የሚተረጉምለትን ወታደር ዝም አሰኘው፤ ገብቶታል።

«ኮምፒውተሩ ግማሽ ሰዓት ካልተነካ ራሱን ይቆልፋል። ትዕበ አምስት ሰዓት ከአርባ ላይ ስትገባ ተቆልፎ ነበር። ስለዚህ ከአምስት ከአሥር ወዲህ ማንም አልነካውም። የአምስት ከሃያው ፊርማ ከዚያ ክፍል አልወጣም። ሌላ ቦታ ሆኖ በሙት ስም የፈረመ ሰው አለ፤ ያ ሰው ዶክተሩ መሞቱን ያውቃል። በሕይወት እንዳለ ሊያስመስልም ፈልጓል፤ ምክንያቱም በዚያ ሰዓት ራሱ በሃያ ሰው ፊት ተቀምጧል።»

ከዚያ ወደ እያንዳንዳቸው ዞረች። ስንሻው ክታቡን ወደ ጀርባ ያስጣለው ራሱ ነው፤ ጥላው ምን እንደሆነ ያውቃል፣ ስብሰባ ላይም ስላልነበረ ይህ ፊርማ የሚያጠፋው እሱን ነው። ትዕበ ታማሚውን ስታዘጋጅ ጀርባውን አይታለች። ዶክተር ሁዜይፋ በእንቅልፉ እንኳ አይሳሳትበትም፤ ደግሞም ከማሽን ጋር ተስማማ ቢሉት አይስማማም። ሁዜይፋ ትንሽ ፈገግ አለ፤ ወዲያው ግን ፈገግታው ጠፋ፣ የቀረው አንድ ሰው መሆኑን ስላወቀ።

«ስለዚህ የፈረመው ራጁን ያላየ ሰው ነው» አለች። «የይለፍ ቃሉን ያውቃል፤ ስምንት ሰዓት ከአርባ ላይ ሲጽፈው አይቻለሁ። በስብሰባው መካከልም ታብሌት በእጁ ነበር። ዘማርያም፣ አንገትህ ላይ ማተብ አለ፤ ክታብም ለአንተ እንግዳ አይደለም። ያንን ጥላ አንድ ጊዜ ብታየው ከሁላችን ቀድመህ ታውቀው ነበር።»

ዘማርያም ተነሣ፤ ወታደሮቹን ሲያይ ተመልሶ ተቀመጠ። ሙሉወርቅ የኮከብን ወረቀት ከብብቷ አውጥታ አነበበችለት። ዩኑስ ታብሌቱን ተቀበለው፤ ሁዜይፋም ከታብሌቱ የተላኩትን ፊርማዎች መዝገብ ከፍቶ አሳየው። የአምስት ከሃያው ፊርማ እዚያ ነበር። የኮከብም እዚያ ነበር። ከእሷ ሌላ አሥራ ሦስት ነበሩ።

«ሰልፉ በዝቶ ነው» አለ ዘማርያም። «ዶክተሩ ሾዋክ ሲሄድ ሰው ይመለሳል። ማሽኑ እኮ ያነባል፤ የጎደለው ፊርማ ብቻ ነበር። በአብዛኛው ልክ ነው። ስለ ኮከብ ሊጠይቀኝ ነበር... በስብሰባው ላይ፣ በሰው ፊት። ለመንኩት። ወደ ስክሪኑ ዞሮ ማንበቡን ቀጠለ። ፈራሁ፤ ባትሪውን አነሣሁ።»

«እሷስ አልፈራችም?» አለች ትዕበ። ኮከብ ደም ስትተፋ እጇን የያዘችላት ትዕበ ነበረች።

አሥር ሰዓት ላይ መኪናው ተነሣ፤ የጫነው ግን ሌላ ሰው ነው። ስንሻው ሚስቱ አጠገብ ቁጭ ብሎ ካቴናው የነበረበትን አንጓውን ያሻል። ቻላቸው ደህና ነህ ቢባልም የሸፈኑበትን ጨርቅ ለማውለቅ አልደፈረም። ሙሉወርቅን ከበስተጀርባዋ መጥቶ፣ «ማሽኑ ነው ደህና ነህ ያለኝ ወይስ ሰው?» አላት።

ሙሉወርቅ ወደ ኮንቴይነሩ አመለከተችው። አሥራ አራት የተፈረመባቸው፣ ማንም ያላያቸው ራጆች አሉ። አንዷ ሞታለች፤ የቀሩት አሥራ ሦስቱ በሰሊጥ እርሻው፣ በኒው ሀልፋ፣ በመጠለያው ተበትነዋል፤ እነሱ ግን አያውቁም። ከሁሉ ነገር በላይ ያን ቀን ያስፈራት ይህ ነበር። ዶክተር ሁዜይፋ ሳይጠሩት ሄዶ የሟቹ ወንበር ላይ ተቀምጧል። በሩ ክፍት ስለነበር ሁሉም አዩት። የመጀመሪያውን ራጅ አወጣና የማሽኑን ውጤት በመዳፉ ሸፍኖ ረጅም ጊዜ ተመለከተ። እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። ከዚያ እርሳሱን አንሥቶ ጻፈ፣ ወረቀቱን አጠፈ፣ ወተት ቆርቆሮው ውስጥ ጣለ። መዳፉን ያነሣው ከዚያ በኋላ ነው።

«ሰው ነው» አለችው ሙሉወርቅ።

ቻላቸው ጨርቁን ከአፉ አወረደ።